አባቴ በበቅሎአችን የተወራረደበት ሸንጎ

አባቴ ያለችንን አንዲት በቅሎ በሸንጎ ሲወራረድ ቃሉን ወደ ጣሊያንኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እናቴ የሁለታችሁም ነው ትላለች። አባቴ የእኔ ነው ይላል። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የሚፈርድ ይፍረድ።

አባቴ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ የኬላ ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን ሳይገባ ለንጉሡ ቀረጥ ይጽፍ ነበር፤ ጣሊያን ሲገባም ከዚያው ወንበር ሳይነሣ መጻፉን ቀጠለ። ስንቱ ዱር ገብቶ ገደል ለገደል ሲዋጋ እሱ የወር ደመወዙን ይጠብቃል። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። «አንቺስ የማንን እንጀራ ነው የምትበዪው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የተማርኩበት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በፈረንሳይኛዬ ላይ ጣሊያንኛ ጨምሬ ደብረ ብርሃንን በሚያስተዳድረው የጣሊያን ካፒቴን ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። በመንግሥት ሥራ ያለ የአገር ሰው ሁሉ፣ ዘበኛውም ጠራጊውም ደብዳቤ አመላላሹም፣ ደመወዙ ይቀነሳል፤ የሚከፈለውም በወረቀት ሊሬ ብቻ ይሆናል። ስሙን «ማሻሻያ» አሉት። የአማርኛውን ቅጂ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ በሦስተኛው ካፒቴኑ አጠገቤ መጥቶ ስለቆመ ተውኩት። የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ደግሞ ወረቀት አይነኩም። «ወላሂ፣ ዝናብ ቢነካው ምን ይዤ ልቀር ነው?» ይላሉ። የሚቀበሉት ጠገራ ብር ብቻ ነው። ጠገራ ብር ፈልጎ ባንክ የሄደ ሰው በመስኮቱ «አልቋል» ይባላል፤ አልቋል የተባለው ብር በጓሮ በእጥፍ ይሸጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ አልነበረም።

ጉርምርምታው ሲበዛ ካፒቴኑ ሸንጎ ጠራ። ሠራተኛው ስለ ደመወዙ ይናገር፣ በባንኩ ላይ የተደረገው ምርመራም ይሰማ ተባለ። የኬላ ሰዎች አባቴን ወኪል አደረጉት። ሌላ ማንን ያደርጋሉ? አንኮበር ውስጥ የድንበር ክርክር የገጠመው ሰው በሬውን ሸጦም ቢሆን እሱን ያቆም ነበር። አባቴ ሙግት ካለ እህል አይበላም። በበቅሎዋ ተቀምጦ ደብረ ብርሃን ገባ። ቤታችን የሚያድረው በዚያች በቅሎ እንጂ በደመወዙ አልነበረም፤ እናቴ ባቄላና ገብስ ጭና ቆላ ወርዳ ጨው ጭና የምትመለሰው በእሷ ነው።

በሩ ላይ ያዝኩት። «አባዬ፣ ይህ ችሎት አይደለም። ተናገሩ የሚሉት ማን እንደሚናገር ለማየት ነው።»

«ዳኛ ተቀምጧል?»

«ተቀምጧል።»

«ተከሳሽ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ችሎት ሌላ ምንድን ነው? ይህን ሳያስተምሩሽ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጡሽ?»

ሸንጎው የተሰየመው የቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ካፒቴኑ መካከል፣ በቀኙ ጣሊያን ፊታውራሪ ብሎ የሾመው ባላባት፣ በግራው የባንኩ ሹም የሆነው ጣሊያናዊ ሰውዬ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ በሩን ይዘዋል። የተመረጡት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተደርድረዋል። ብርዱ ነው እንዳልል ያን ቀን ፀሐይ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተነሣ። «ጌታው፣ ወረቀቱን ሚስቴ አልቀበልም አለችኝ።» ሳቅ ሆነ። «ሳቁ። የናንተም ሚስት ትጠብቃችኋለች» ብሎ ተቀመጠ።

ካፒቴኑ ደመወዝ የተቀነሰው ለመንገድ ሥራ ነው አለ። «ጣርማ በር ላይ ተራራውን የምንበሳው ለማን ይመስላችኋል?»

ከኋላ አንድ ድምፅ «ለመድፍህ» አለ። እሱን አላስተረጎምኩም።

ከዚያ የባንኩ ሰውዬ ተነሥቶ ምርመራው ተፈጽሟል፣ ጉድለት አልተገኘም ብሎ አነበበ። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ መካከል ገባ።

«መርማሪው ማን ነበር?»

አስተረጎምኩ። የባንኩ ሰውዬ «እኔ ነኛ» አለ።

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ አባቶቼ? በግ ጠፋ ቢሉት ጅብ ራሱን መረመረ፤ ጥርሴ ንጹሕ ነው አለ።» አግዳሚው ተነቃነቀ። ይኼኔ ዘንጉን ወደ ሰውዬው ቀስሮ ልክ እንደ አንኮበር አደባባይ ቀጠለ። «በላ ልበልሃ። ብር ተቀብሎ ወረቀት የሚመልስ ቤት፣ ስንዴ ተቀብሎ ገለባ ከሚመልስ ጎተራ በምን ይለያል? ብሩ በጓሮ እንደሚሸጥ ምስክር እቆጥራለሁ። ባይሆን በቅሎ እሰጥ።»

«አባዬ፣ ተው» አልኩት በቀስታ።

«አስተርጉሚ።»

«እናቴስ?»

«አስተርጉሚ አልኩሽ እኮ። የተቀጠርሽበት ነው።»

አስተረጎምኩ። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት «ሰውዬው በቅሎ የሚሰጠኝ ለምንድን ነው?» አለኝ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን፣ እነዚህ ሰዎች የገቡበትን አገር ይወቁት ብዬ፣ ልማዱን ከሥሩ አስረዳሁት። በእኛ ሙግት አንዱ «እሰጥ» ብሎ ይወራረዳል፤ በእውነቱ የተማመነ ተከራካሪ «አገባ» ብሎ ይመልስለታል፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ካፒቴኑ ብዕሩን አነሣ።

«ለዳኛው?» አለ።

«ለዳኛው።»

ጻፈው።

የባንኩ ሰውዬ አገባ አላለም። «በቅሎ ምን ያደርግልኛል፣ መኪና አለኝ» አለ። ይህን ሳስተረጉም መጋዘኑ ተናጋ። ውርርድ የሸሸ ተረታ፤ ይህን ለአንኮበርም ለደብረ ብርሃንም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌዎቹ መከናነቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ረታ፣ ረታ» ተባባሉ። ዘበኛው መጥቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ። አባቴ ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል፤ ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ለአንድ አፍታ እኔም አምኜ ነበር።

ካፒቴኑና ፊታውራሪው ተንሾካሾኩ። ፍርዱም በእኔ አፍ ተነገረ። ባንኩ ንጹሕ ነው። ደንቡ እንዳለ ይጸናል። ከሳሹ የባንኩን ስም ያለ ማስረጃ ስላጠፋ ተረትቷል፤ መንግሥትም የአገሩን ልማድ ስለሚያከብር ውርርዱን ለዳኛው ይክፈል። አንድ አስካሪ በቅሎዋን ሊፈታ ወጣ።

አባቴ አሳስቼ ያስተረጎምኩ መሰለው። «ምስክሮቼ አልተሰሙም። ተከራካሪዬም አላገባም» አለ።

ፊታውራሪው በአማርኛ «ይብቃህ አያ፣ ነፍስህን ይዘህ ውጣ» አለው።

አባቴ የሚያየው ካፒቴኑን ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ዳኛ አይደለህም። ሌባው የሚወጣብህ የጓሮ በር ነህ። ከዛሬ ወዲያ ለአንተ አንዲት መስመር ብጽፍ እጄ ይቆረጥ። አስተርጉሚ።»

ካፒቴኑ አፌን ያያል። ከዚህ ያነሰ የተናገረ ሰው ገበያ መካከል ተሰቅሎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ ይላል» አልኩ።

ፊታውራሪው ጣሊያንኛ ይሰማል። ፈገግ አለና አላጋለጠኝም።

ወደ አንኮበር በእግራችን ተመለስን። እኔም ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ዳግም አልሄድኩም። አባቴ ግማሽ መንገድ ድረስ ዘንጉን እየተመረኮዘ ሄደ። ከዚያ፣ «ሰውዬው አልተቆጣም። ምን ብለሽ ነው ያስተረጎምሽው?» አለ።

መዋሸት አይሆንልኝም፤ ነገርኩት። ቆመ።

«ይሰቅሉህ ነበር» አልኩት።

«እሱ የእኔ ጉዳይ ነበር።»

«የእናቴን በቅሎ ወስደህባት ባሏንም ልጨምርባት?»

«እኔን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አመሰግናለሁ አስባልሽኝ።»

«ሰዉ እኮ አማርኛህን ሰምቷል።»

«ሙግት ለዳኛ እንጂ ለሰው አይነገርም» አለና ቀድሞኝ ሄደ።

እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። ሁለታችንን ሳትስም ከኋላችን መንገዱን አየች። «በቅሎዋስ?» አለች።

ዓርብ እሷና እኔ ባቄላውን አዝለን አልዩ አምባ ወረድን። ጨው ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ ብዙ ጊዜ ተቀምጠናል። ቤት ስንደርስ አባቴ መደቡ ላይ ሆኖ ይግባኝ ይጽፋል። ኬላውን ትቷል፤ በዚያ ቃሉን ጠብቋል። ቀና ሳይል፣ «ደብረ ሲና ታማኝ አስተርጓሚ አለ ብለውኛል። ወንድ ነው» አለ።

ጨዉን ከጀርባዬ አወረድኩ። «ሂዳ፣ በእግርህ» አልኩት።