ግፊት ብዬ የተረጎምኩት

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ተርጉሜያለሁ፤ አንዱን በስንፍና፣ ሌላውን በተንኮል። በስንፍና ያበላሸሁት ያለፈው ዓመት ነው። በተንኮል ያበላሸሁት ግን ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሁለቱ ጥፋቶቼ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እስራኤል አገር፣ አፉላ መሀል ከተማ ባለው የጡረተኞች ክበብ ውስጥ፣ በሰው ፊት ተገናኙብኝ።

ክበቡን ሁላችንም በዕብራይስጡ ሞአዶን ነው የምንለው። እኔ እዚያ ሠራተኛ ነኝ። ለጡረተኞቹ ደብዳቤ አነባለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን አስተረጉማለሁ። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን እዚህ ጨርሰው ዕብራይስጡን ጆሯቸው ለምዶታል፤ አፋቸው ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለም። አባቴም ከእነሱ አንዱ ናቸው።

አባቴ በአገራቸው ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ ትከሻ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ክንድ በሸምበቆ ያስራሉ፣ የዞረ ጅማት በቅቤ አሽተው ወደ ቦታው ያስገባሉ። እዚህ አገር ስንገባም ሥራቸው አልቆመም። በተሰጠን ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መጋረጃ ጋርደን፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሳቸው የሰው ጀርባ ያሻሉ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ማባዛትን የተማርኩት “ወይኔ! ኧረ ቀስ!” በሚል ጩኸት መሀል ነው። ደብተሬ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። መምህሬ አንድ ቀን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ካሸተተችው በኋላ በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ትከሻ ወለቀና አባቴ መለሱለት። ሰውየው ለማረጋገጥ ክሊኒክ ሲሄድ አባቴም አብረውት ሄዱ፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ዶክተሩ ትከሻውን ወደ ላይም ወደ ታችም እያንቀሳቀሰ መረመረውና “ማን ነው የመለሰው?” ብሎ ጠየቀኝ። አባቴን በጣቴ አሳየሁት። እሳቸውን ትክ ብሎ አያቸውና “ያዳይም ሼል ዛሃቭ” አለ። የወርቅ እጆች ማለት ነው።

በማግስቱ ልደቴ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሌን ልጆች ቤቴ ጠርቻለሁ። እኔ ሻማዬን ስነፋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቅቤ የተቀቡ ሽማግሌ “ገደሉኝ!” ሲሉ ታየኝ። ቀና ብዬ አባቴን አየኋቸውና፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ “ሁለተኛ ሰው እንዳይነኩ ብሏል። በዚህ አገር ሕግ ክልክል ነው፤ ፖሊስ ይመጣል ብሏል” አልኳቸው።

አባቴ ለዶክተሩ እጅ ነሥተው ወጡ። ዶክተሩም ጨዋ ነበርና ጎንበስ ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው እያነከሰ በራችን ቢቆም “ተከልክያለሁ” ብለው ይመልሱት ነበር። ልደቴ አማረ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ፋብሪካ ገብተው ካርቶን ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

አባቴ ማሸታቸውን ከተዉ በኋላ ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ሆነ፤ ወደ ሰፊ ቤት ስንዛወርም ያው ነበር። ጫጫታ የነበረው አርብ አርብ ጧት ብቻ ነው። አባቴና እናቴ መኝታ ቤታቸውን ቆልፈው የአማርኛውን ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል። ዜና ስለሚወዱ ይመስለኝ ነበር፤ ለዜና በር መቆለፍ ለምን እንዳስፈለገ ግን አይገባኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሬዲዮውም ዝም ብሏል።

ያለፈው ዓመት ታዲያ አንድ ሰው ሞአዶን ድረስ መጣ። በሥራው በኢንዱስትሪው ቀጠና ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቻይና የውጊያ ጥበብ ያስተምራል። ጸጉሩን ወደ ኋላ ቋጥሯል። በሰው ገላ ላይ ነጥቦች አሉ አለኝ፤ በወጉ ስትጫኛቸው ያድናሉ፣ ስትመቻቸው ሰው ይጥላሉ፣ ሐኪሙም ተዋጊውም የሚያጠኑት እነዚያኑ ነጥቦች ነው። ጡረተኞቹን ሦስት ሳምንት በነፃ ላስተምር ብሎ ማስታወቂያውን በዕብራይስጥ ጽፎ ሰጠኝ፦ “ነቁዶት ላሓጽ”። ነቁዶት ነጥቦች ነው፣ ላሓጽ ግፊት ነው። ባቡር ሊያመልጠኝ ነበርና “የግፊት ነጥቦች፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በነፃ” ብዬ ለጥፌ ወጣሁ።

ለእኛ ሽማግሌዎች ግን ግፊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የደም ነው።

ሰኞ ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ለስፌትም ለስፖርትም ስለምናቸው የሚቀሩት ሁሉ መጥተዋል። ሁሉም የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ክኒናቸውን በላስቲክ ቋጥረው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። አንዲት እናት ደምም የሚቀዳ መስሏቸው ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አባቴም ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግፊት መለካት አያመልጣቸውም።

አስተማሪው በሰፊ ጥቁር ሱሪ፣ በባዶ እግሩ ገብቶ እጁን አጋጥሞ ጎንበስ አለ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ። እሱ ደገመ፤ እነሱም ደገሙ። በእኛ ዘንድ እጅ መንሣቱን ቀድሞ ያቆመ እንደ ባለጌ ነውና፣ ነገሩ በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም።

“አሑቷ ወንድ ናት እንዴ?” አሉኝ ያልበሉት እናት። አሑት የሚሉት ነርሷን ነው። “ጫማ እንኳ የለውም እኮ!”

ይህን ብለው ክንዳቸውን ዘረጉለት። እሱ ፈቃደኛ ያገኘ መስሎት ደስ አለው፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለችውን ሥጋ ፈልጎ ተጫናት። “ይህቺ የሸለቆዎች መጋጠሚያ ትባላለች፤ ለራስ ምታት ናት” አለ።

እናት ከወንበራቸው ዘለሉ። “ወይኔ! ስንት ሆነ? ግፊቴ ስንት ነው?”

“ምን አሉ?” አለኝ አስተማሪው።

“ደስ ብሏቸዋል” አልኩት። እንግዲህ ሙያዬ ነው።

ሲብስብኝ ጊዜ የደም ግፊት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። አጉረመረሙ፤ አንዱ ሽማግሌ እጅጌያቸውን በቁጣ መለሱ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታደለው ብስኩት ገና ስላልቀረበ ግን ከመቀመጫው የተነሣ አልነበረም።

አስተማሪው ሱሪውን ሰብስቦ ከጉልበቱ በታች ያለች ነጥብ አሳየ። የደከመው መንገደኛ ይህችን ከተጫነ ሦስት ማይል ይጨምራል አለ።

“ሁለት ጣት ዝቅ ይበል” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የአባቴ ነው። “ሱዳን ስንወርድ ይህችን እየተጫንኩላቸው ነው ሰዎቹን ያደረስኩ። ሦስት ማይል ብቻ ቢሆንማ በረሃ ቀርተን ነበር።”

“ምን አሉ?”

“ጥሩ ነው አሉ።”

“ያልኩትን ንገሪው እንጂ!” አሉ አባቴ። ጆሯቸው ዕብራይስጥ እንደለመደ ረስቼው ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ እሱም ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተጫነና “ኦ!” አለ።

በዚህ ይሁን በሌላ፣ ሰውየው ሞቅ አለውና ስለ ውጊያው ሊያሳየን ተነሣ። በብብት ሥር አንዲት አደገኛ ነጥብ አለች፤ እሷን በእግር መምታት ይቻላል ብሎ እግሩን ወደ ላይ ሰነዘረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እግሩ ሲመለስ ግን ወገቡ አብሮ አልተመለሰም። መሬት የወደቀ ሳንቲም የሚፈልግ ይመስል ጎብጦ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ አሁንም እጅ የሚነሣ መስሏቸው ጎንበስ አሉ።

“ኧረ ወገቡን ይዞታል!” አሉ ያልበሉት እናት። “ወጌሻ እያለ ምን ያስቆመዋል? አንቱ፣ ይነሡ እንጂ!” ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ።

አባቴ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። “እኔ ተከልክያለሁ” አሉ። “ዶክተር ነው የከለከለኝ። ሕግ ነው።”

“ምን አሉ?” አለ አስተማሪው ከጎበጠበት።

“ደክሟቸዋል” ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለፈ ነበር። ቃሏ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን የኪሳቸውን እብጠት አየሁ፤ ሁለት ጡጫ በሁለት ኪስ ውስጥ። ከአስተማሪው ፊቴን አዞርኩና ወደ አባቴ ሄድኩ።

“አባዬ፣ ዶክተሩ አልከለከለዎትም።”

“አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?”

“ዋሽቼ ነው። ያዳይም ሼል ዛሃቭ ነው ያለው። እጅዎን የወርቅ ነው ነው ያለው። ሕጉንም ፖሊሱንም እኔ ነኝ የጨመርኩበት።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተማሪውም ማቃሰቱን ተወው።

“ለምን?” አሉኝ አባቴ።

“ልደቴ ነበር” አልኩ። ከሃምሳ ዓመት ሴት አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያሳፍር መናገር አያስፈልገኝም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

አባቴ ኮታቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና “ቅቤ አለ?” ብለው ጠየቁ። ቅቤ አልነበረም፤ ያልበሉት እናት ከቦርሳቸው የእጅ ክሬም አወጡ። አስተማሪውን ደግፈን ብስኩት ሊቀርብበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ በሆዱ አስተኛነው። አባቴ ወገቡን አልነኩትም። ከጉልበቱ በስተኋላ፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንዲት ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ አገኟትና ተጫኗት።

“ገደሉኝ!” አለ በዕብራይስጥ። ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማ የነበረው ድምፅ ራሱ ነው። ከዚያ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይስቅ ጀመር። “ይህችን ነጥብ እኮ ለሦስተኛው ሳምንት ነበር ያስቀመጥኳት!”

ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመና ለአባቴ ጎንበስ አለ። አሁን ግን አባቴ መልሰው ጎንበስ ለማለት ጊዜ አላገኙም፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ትከሻዋን የሚቆርጣት፣ ሁሉም ከበቧቸው። ብስኩቱን ማንም አላስታወሰውም።

ወደ ቤት በከተማው አውቶቡስ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ሄድን። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ እጄን ያዙና በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለችውን ሥጋ ጭምቅ አደረጓት። ጮኽኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን።

“ይህቺ ምን ነበር የምትባል?” አሉኝ።

“የሸለቆዎች መጋጠሚያ።”

“አይደለም። የውሸታም ናት።”

እጄን አለቀቁትም፤ መጫኑን ግን ላላ አደረጉት። “ስንቱን ሰው ከበር መለስኩት” አሉ። እንባዬ መጣ። በመስኮቱ እያዩ “እናትሽን ግን አልተውኳትም” አሉኝ። “ያ ወገቧ እየታመመ እንዴት ዝም ብዬ ልያት? አርብ አርብ በሩን ቆልፌ አሻት ነበር። ፖሊስ እንዳይሰማ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ።”

“በየሳምንቱ?” አልኳቸው። “ያን ሁሉ ዓመት እየፈሩ?”

“እፈራ ነበር እንጂ” አሉ። “እሷ ናት እንጂ የማትፈራ። ጎኗን ስነካት ይኮረኩራታል። ዝም በይ፣ ሳቅሽን ቻይው፣ ታሳስሪኛለሽ እላት ነበር።”