የሁዳዴ ወተት

በንጉሡ ዘመን፣ እኛ ጋይንቶች ዘንድ፣ አንዲት እናት «ጡቴ ደረቀ» ከምትል ብትሞት ይሻላት ነበር። «እርግማን አለባት» ያሰኛታላ! የበኩር ልጄ ክርስትና በተነሣ ሰሞን ትኩሳት ጣለኝ። ከተኛሁበት ስነሣ ጡቴ ጠብታ አልነበረውም። ባሌ ከአርብ ገበያ ከተማ ማዶ ቆላ ወርዷል፤ ልጁ በራብ ይጮኻል፤ በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው።

ከቤታችን በታች ላም ያላት ጎረቤት ነበረችኝ። «ለጠጉሬ ቅቤ ልንጥ ነው» ብዬ ወተት ለመንኋት። በጾም ቅቤ አይበላም እንጂ ራስ መቀባትን ማን ይከለክላል? በየጠዋቱ ወተቱን በቅል ይዤ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ እመጣና በሬን ዘግቼ ልጄን በመዳፌ እግተዋለሁ። ግማሹ በአንገቱ ይፈስሳል። ትን ባለው ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ቢሆንም ልጁ ውሎ አደረ።

እኔ ሞኟ ግን ቅቤውን ረሳሁት። ጎረቤቴ ወተቷን እየሰጠች ጠጉሬን ስታየው ድርቅ እንዳለ ነው። ልጇ ጡት የሚጠባላት ሴት ወተቱን ምን ታደርገዋለች? ትጠጣዋለች እንጂ! ወሬው የባሌ እናት፣ አማቴ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ደግሞ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም፤ የነፍስ አባታችንን ይዘውብኝ መጡ።

«ልጄ፣ ጾም ገደፍሽ አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ አባ።

«እውነት ነው፣ አባቴ። ይፍቱኝ።»

ደረቅ ጡቴን ከማወራ ኃጢአተኛ ብባል መረጥሁ። መሬት መሬት እያየሁ ቀኖናዬን ስጠብቅ ልጁ ነቃና ያለቅስ ጀመር።

«አጥቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ አማቴ።

ምን ላድርግ? ጡቴን አውጥቼ ሰጠሁት። ሳበ፣ ሳበ፣ ተፋውና እሪ አለ። ደግሜ ሰጠሁት፤ ደግሞ ተፋው። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አፈርሁ፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አማቴ ብድግ አሉ። ሊመቱኝ መሰለኝ። ልጁን ከጭኔ አንሥተው መደብ ላይ ተቀመጡና «ወተቱን አምጪው» አሉኝ። ቅሉን አቀረብሁላቸው። እጃቸውን ታጠቡ፤ የልጁን ራስ በክንዳቸው ደገፍ አድርገው መዳፋቸውን ከታች ከንፈሩ አስጠጉና በቀስታ ይግቱት ጀመር። ትን አላለውም፤ በአንገቱም አልፈሰሰ። እኔ አንድም ቀን እንዲያ አልሆነልኝም። አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

«አባቱን እንዲህ ነው ያሳደግሁት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ለእሱም ነግሬው አላውቅ።»