ግማሹ ድንጋይ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ጉም ከገፈርሳ ውሃ ተነሥቶ ባሕር ዛፉን ሸፍኖት ነበር። ልጄ ሌሊሴ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ደርሷት፣ "ድንጋይ ተምሬ ማን ይቀጥረኛል?" ብላ ልትተወው ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሹን ሁልጊዜ ለተጨነቀ ሰው ይተዉታል።

"ነይ ሌሊሴ፣ ቁጭ በይ እስቲ። ቡራዩ ውሃ ሲጠማት፣ ፎቅ ስታቆም፣ መንገድ ስታወጣ፣ ከመሬቱ ሥር ያለውን ማን ያይላታል? እኔ ሽማግሌው?"

እያለቀሰች ሳቀች፤ ሄዳም ተማረች።

ካረፉ ወዲህ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር፤ በዚያ ማለፍ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ከውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሥራዋ ጭቃ በለወሰው ጫማዋ መጥታ፣ እሳቸው ቦታ ቁጭ ብላ፣ "ና አባ፣ ግማሹ ያንተ ነው" ያለችኝ ሌሊሴ ናት።