ውጤት ሳይወጣ የተለበሰ ጋውን

ፕሮክተር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የፕሮክተሮች አስተባባሪው አቶ ጌታነህ አንድ ዘለላ ቁልፍ አስረከቡኝና፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ እዚህ የሚጠበቀው ፍራሽ፣ ሎከርና ቁልፍ ነው። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ብዙ አይላመዷቸው» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ከጎሮ አለፍ ብላ ያለችው ትንሿ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲያችን ያኔ ቀለሟ ገና አልደረቀም ነበር። የሴቶች ዶርም ተሰጠኝ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት አንዲት አዲስ ገቢ ፍሬሽ ተማሪ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስትንሰቀሰቅ አገኘኋትና የአቶ ጌታነህን ምክር እዚያው ረሳሁት።

የፕሮክተር ሥራ ምን እንደሆነ ውጭ ያለ ሰው አያውቅም። ሰፈር ውስጥ «ጥበቃ ነሽ?» ይሉኛል። ኧረ ተዉኝ! ጠዋት ክፍል እዞራለሁ፣ የተቃጠለ አምፖልና የተደፈነ ቧንቧ ለጥገና አመለክታለሁ፣ የታመመችውን ክሊኒክ አደርሳለሁ፣ የተኳረፉትን አስታርቃለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው። የካፌው ወጥ ያንገሸገሻቸው ልጆች ግን ሽሮውን ዶርም ውስጥ ያንተከትኩታል። ስገባ ምድጃው አልጋ ሥር ይወሸቃል፤ «ማዘር፣ ሽታው ከጎረቤት ነው!» ይላሉ። ጎረቤት ስሄድም መልሱ ያው ነው። አይ እነዚህ ጉዶች! የቀማኋቸውን ምድጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እመልስላቸው ነበር።

እሁድ ጠዋት ነጠላ የለበሱት ወደ ቅዳሴ ሲወጡ የፕሮቴስታንቶቹ ፌሎሺፕ ልጆች ልብስ ማጠቢያው ጋ መዝሙር ይለማመዳሉ። በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የተማሪዎቹ ሚኒ ሚዲያ ይጀምራል። ካፌው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ልደት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የክበብ ስብሰባ ይነገራል። ከአንባቢዎቹ ሁሉ ጸጋነሽን የሚያህል አልነበረም። ከሆሳዕና የመጣች፣ እኔ ዶርም የምታድር የአካውንቲንግ ተማሪ ነበረች። ማይኩን እሷ ስትይዝ የካፌው ጫጫታ ጋብ ይላል።

እናንተ አዲስ የተቀጠራችሁ ፕሮክተሮች ይህን ልማድ ሳታዩት አልቀራችሁም። ተመራቂዎች ፎቶ የሚነሡት ቀደም ብለው ነው። የምረቃ መጽሔቱ እንዲደርስ የተመራቂዎቹ ኮሚቴ ፎቶ አንሺ ይቀጥራል፣ ጋውን ይከራያል፣ ሁሉም ጋውንና ቆብ አድርጎ ይነሣል። የመውጫ ፈተናው ግን ገና ነው። ጸጋነሽም እንደ ሰዉ ተነሣች። «ማዘር፣ አብረውኝ ይቁሙ» ብላ እጄን ጎተተችኝ። «ሂጂ ወዲያ፣ በዚህ የሥራ ልብስ?» ብላት አልለቅ ስላለችኝ አብሬያት ተነሣሁ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶለት ወደ ሆሳዕና ተላከ።

ውጤት የወጣ ቀን አንዱ ክፍል እልል ሲል ሌላው ያለቅሳል። ጸጋነሽ አላለፈችም። አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሻይ ወሰድኩላት፤ አልነካችውም።

በማግስቱ ሚኒ ሚዲያው ላይ ተራው የእሷ ነበር። ጓደኞቿ «እኛ እናንብብልሽ» ቢሏት እምቢ አለች። ከተማሪዎች አገልግሎት የተላከውን ማስታወቂያ በዚያው በለመድነው ድምፅ አነበበችው። ፈተናውን ያላለፉ ተማሪዎች የመልቀቂያ ክሊራንስ ጨርሰው፣ ፍራሽና ቁልፍ አስረክበው፣ ከምረቃው በፊት ግቢውን እንዲለቁ ይላል። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስትጨርስ እንደ ወትሮዋ «መልካም ምሳ» አለች። ካፌው በር ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።

አቶ ጌታነህ ዘንድ ሄድኩ። «ይቺ ልጅ እስከ ምረቃው ማግስት ትቆይልኝ፤ ቤተሰቧ ለምረቃ እየመጣ ነው፣ ለመናገር ድፍረት አጥታለች» አልኳቸው። «ለአንዷ ከፈቀድኩ ለሁሉም መፍቀድ አለብኝ። መመሪያ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ» አሉኝ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

የምረቃው ዋዜማ ዕለት ዕቃዋን እየሸከፈች ሳለ ስልኳ ጠራ። አባቷ ግቢው በር ላይ ደርሰዋል። «ማዘር፣ በእግዚአብሔር፣ ታማለች ይበሉልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ።

አባቷ አቶ ጴጥሮስ ኮት ለብሰው፣ እቅፍ አበባ ይዘው ጥበቃዎቹ ጋ ቆመዋል። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «እርስዎማ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነዎት! ፎቶው ላይ በየቀኑ ነው የማይዎት» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ታማለች ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

«አቶ ጴጥሮስ፣ ፈተናውን አላለፈችም። ነገ አትመረቅም» አልኳቸው።

«ፎቶውስ?»

«ፎቶው ቀድሞ ነው የሚነሣው።»

አበባውን ዝቅ አደረጉት። «ቤተ ክርስቲያን ይዘነው ሄደን ምስጋና አቅርበንበታል እኮ» አሉ።

ጸጋነሽን ጠራኋት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻል ነበር። «ነይ ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ» አሏት። «ያ ፎቶ ከግድግዳው ካልወረደ አልገባም» አለች። ማውረድ ማለት ለጎረቤቱም ለምእመኑም መናገር ነው። እሳቸው አወርደዋለሁም፣ አላወርደውምም አላሉ። አበባውን ለእኔ ሰጡኝና ብቻቸውን ተመለሱ። ልጅቷ ቁልፏን አስረከበችኝ፤ ፍራሿን አብረን መጋዘን አደረስንና ክሊራንሷ ላይ ፈረምኩላት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ «ማዘር!» የሚል ሰማሁ። ያንን ድምፅ መቼም አልስተውም። ጸጋነሽ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ አንሶላ የሞላ ቅርጫት ይዛ ቆማለች። እጇን በረኪና ልጦታል። ፈተናውን ደግማ ወስዳለች፤ አልሆነላትም። አሁን መመዝገቡንም ትታዋለች።

«ፎቶውስ?» አልኳት።

«እንደተሰቀለ ነው። ሰው ሲጠይቀው አባቴ ‹ቦሌ ቢሮ ገብታለች› ይላል። እንግዲህ በየት በኩል አገሬ ልግባ፣ ማዘር?»

እኔ አለቀስኩ። እሷ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ሥራዋ ገባች።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ውጤት ሳይወጣ ጋውን መልበስ፣ ፎቶውንም ቤት መላክ እንደማይገባ ነው። ሰሞኑን ግቢ ሄጄ ለዘንድሮው የተመራቂዎች ኮሚቴ ይህንኑ ነገርኳቸው። ወንበር ስበውልኝ በአክብሮት ሰሙኝ። «ልክ ነዎት ማዘር» አሉኝ፤ «ግን ፎቶ አንሺው ለነገ ተቀጥሯል።»