ከወልቂጤ የተመለሰው ቼሎ

ባለፈው አረፋ ወንድሜ አወል ከወልቂጤ ሲመጣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ያወረደውን ትልቅ ጥቁር ከረጢት ቡታጅራ ባለው ሳሎኔ ውስጥ ሲከፍተው፣ የሙጫና የቆየ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሳላስበውም ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ተመለስኩ።

ያኔ አባቴ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ይነግድ ነበር። አገሩ የሚገባ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አባቴ አልጋ ሊገዛ ሄዶ ቼሎ የሚሉትን፣ ልጅ የሚያህል ባለ አራት ክር የፈረንጅ የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ ተመለሰ። ገዢ ሲያጣለት ለአረፋ ከፍራሽ ጋር አስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ እኛ ወዳለንበት ወደ አገር ቤት አመጣው። ጎረቤቶች ከበው አዩት፤ አንዷ፣ “ይህን ክራር የሚታቀፍ ሰው ቁመቱ ስንት ይሆን?” አለች።

ከእኔ በቀር ሊጫወተው የሞከረ አልነበረም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ አንገቱን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ መጀመሪያ በጣቴ በኋላም አብሮት በመጣው ደጋን እየፈለግሁ የመንዙማ ዜማ አወጣሁበት። አባቴ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሰማኝ። ከእሱ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ “ከአቧራ ጠብቀው” ብሎ ለአወል አደራ ሰጥቶ ወደ ንግዱ ሄደ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ አወል የሚያውቀው የማቆያ ዘዴ አንድ ነበር፤ ቆጮ እንደሚጠቀለለው ከጓሮ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ፣ ቼሎውን ከነአንገቱ ጠቅልሎ በቃጫ ጥፍር አድርጎ አሰረው። መስከረም ላይ ስንፈታው ሆዱ ከጎኑ ተላቅቋል። አወል ቅጠሉን ለላማችን ሰጣት፤ አባቴ ሲመጣም ፊቱ ቆሞ፣ “ዘሃራ ጣለችው፤ አይቻለሁ” አለ።

አባቴ አልመታኝም። “ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ እንዳይነካው” አለኝና ቼሎውን ለአወል ሰጠው። አወል አስተማሪ ሆኖ ወልቂጤ ሲገባ ይዞት ሄደ፤ አርባ ምናምን ዓመት ቁም ሳጥን ላይ አስተኛው። አባቴ እውነቱን ሳይሰማ ሞተ። እኔም በየአረፋው ክትፎውን ለአወል ከሁሉም መጨረሻ አቀርብለት ነበር።

“ልሸጠው ብዬ አዲስ አበባ አሳደስኩት” አለኝ አወል ባለፈው አረፋ፣ የተከፈተውን ከረጢት ቁልቁል እያየ። “ጠጋኙ፣ ‘ይህ የወደቀ አይደለም፤ እርጥበት ነው ሙጫውን የፈታው። ማነው ውሃ ያጠጣው?’ አለኝ። መሸጡ አቃተኝ። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው።”

“ለእኔማ ምን ትነግረኛለህ? አውቀዋለሁ። ለአረፋው ምሳ የተሰበሰበው ቤተሰብ ፊት ተናገር።”

“በዚህ ዕድሜዬ? ልጆቼ ፊት?”

“እኔ አባታችን ፊት ስቆም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።”

ተናገረ፤ ቅጠሉንም ላሟንም ሳያስቀር። የልጅ ልጆቹ በላሟ ሳቁ። ታላቅ ልጁ ግን ከማዕዱ ተነስታ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

ይቅር ብዬዋለሁ አልልም። ጣቶቼ ደርቀዋል፤ ያን ጊዜ ዜማውን ብቻውን ያገኝ የነበረው ጆሮዬም ዛሬ ይስታል። በመካከል ያለፉትን ዓመታት የሚመልስልኝ የለም። ሆኖም በየቀኑ የከሰዓቱን የአስር ሰላት ከሰገድኩ በኋላ በርጩማዬን አውጥቼ ቼሎውን ታቅፌ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ መስኮታቸውን ይዘጉ ነበር። በዚህ ሳምንት አንዷ ከፈተች።