ቧንቧ ሥር የተነገረኝ መርዶ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ማታውን እናቴ ስታስር ስትፈታ አላስተኛችኝም፤ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ አንድ ክፍለ ጦር ያዘምታል። «እማ፣ አዲስ አበባ እኮ እህል አለ» ብላት፣ «የዚያ አገር እህል ሆድህን አያውቀውም» አለችኝ። አቀስታ ላይ ብርዱ ጆሮዬን ነቅሎ ሊሄድ ሲታገለኝ፣ አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ልጇ ከጂዳ የላከላትን ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ሳልለምናት። እስከ ደሴ ድረስ የልጆቼን፣ የላሞቼን፣ የጎረቤቶቼን ላሞች ደህንነት ሳይቀር ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አዲስ አበባ ግንበኛ ሆንሁ። የተከራየኋት ክፍል ሰርቪስ ትባላለች፤ እግሬን ስዘረጋ ራሴ ደጅ ያድራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?» ስል ሰነበትሁ። አከራዬ እትዬ አሰለፈች ጠርታ «ሙላው፣ ሰው እየጠየቅህ አታስቸግር፤ የምታጣራው ነገር አለ ወይ?» አለችኝ። በአፌ አንቱ እላታለሁ፤ በጽሑፍ ግን እጄ እንቢ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ዘመድ ሲሞትበት መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ክንዱንና ወገቡን ይይዙታል፤ ሰው ብቻውን አይወድቅም። ታናሽ ወንድሜ ደምሴም ቤት የተከራየሁ ሰሞን የአከራዬን ስልክ የተቀበለኝ ለዚሁ ነበር። «ለክፉም ለደጉም ይሁነን፣ አያ» ብሎ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ቧንቧ ሥር ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ እንዳልሁ እትዬ አሰለፈች መጣች።

«ሙላው፣ ያን ባልዲ አንሳልኝ፣ ተራው የኔ ነው። ደሞ ሳልረሳው፣ ሐሙስ ወንድምህ ደውሎ ነበር። እናታችሁ አርፈዋል።»

ባልዲውን አነሳሁት። ወላሂ አነሳሁት። የት እንደማስቀምጠው ግን ጠፋኝ።

«ሐሙስ?» አልሁ።

«ሐሙስ። ሽማግሌ ሰብስቢና በማለዳ ይንገሩት አለኝ። እኔ የማንን ሽማግሌ አውቃለሁ? ትናንት ልነግርህ ስል ሥራ ወጥተሃል።»

ማርዳት ሌላ፣ ማረድ ሌላ። እሷ አረደችኝ። እናቴ ሐሙስ ተቀብራ፣ እኔ ዓርብን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት እየደረደርሁ፣ ሠራተኛውን በቀልድ ሳስቅ ዋልሁ። ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተጋድሟል።

ጮህሁ። የጎረቤት ውሻ ሁሉ ዝም አለልኝ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ግቢው ውስጥ ተከራይ አለ» አለች።

«እኔስ ምንድን ነኝ፣ እትዬ?»

«እንግዲህ ለቅሶ የምትቀመጥ ከሆነ አስታውቀኝ። ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

«ለቅሶ ነው፤ የጥሪ ካርድ አልበተንሁም።»

«መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው ብዬ ነው። ሥራ ቦታህ ሰፊ አይደል? እዚያ ብታለቅሰውስ?»

ክፉ ናት እንዳልል፣ ይህን ስትል ድምፅዋ የሚራራልኝ ሰው ድምፅ ነበር። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። መላ የሰጠችኝ መስሏታል።

የሰፈሩ ወዳጄ ሰይድ ሲሰማ የሽንኩርት መደቡን ዘግቶ መጣ። የአቀስታ ሰው ነው፤ ምንጣፉን በብብቱ ይዞ ገባና አነጠፈው። ለቅሶ ደራሼ እሱ ብቻ ነበር።

«አብሽር ሙላው፣ አብሽር። አላህ ለእናታችን ጀነትን ይወፍቃት» አለኝና፣ ቆይቶ «ማን አረዳህ?» አለ።

«ባልዲ።»

«ቀልድህን ዛሬ እንኳ ተወው።»

«ቀልድ አይደለም» አልሁት። ነገሩን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ቀትር ላይ ደምሴ ጋ ደወልሁ። ስንላቀስ ቆይተን፣ «አያ» አለኝ፣ «እማ ልታርፍ ስትል ‹ሙላውን ብቻውን እንዳታረዱት› ብላ አደራ ጥላብናለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማን ማን ነበር? እሱን ንገረኝና ልረፍ።»

ዕድሜ ልኬን ሳጋንን ኖሬያለሁ፤ አንድ ጥንቸል ገድዬ አምስት ነብር ያልሁ ሰው ነኝ። እንደዚያን ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

«ሃያ ሽማግሌ» አልሁት። «ግቢው አልበቃ ብሎ እኩሌታው መንገድ ላይ ቆሟል። ሁለት ሆነው ብብቴን ያዙኝ፣ አንዱ ከኋላ ደገፈኝ። አከራዬማ ከኔ ብሳ ፊቷን ነጨች።»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። ደምሴ በረጅሙ ተነፈሰ።

ይኼኔ እትዬ አሰለፈች ከደጅ ሆና «ኧረ ድምፅ ቀንሱ!» አለች።

«ማናት?» አለ ደምሴ።

«እሷው ናት። አልጽናና ብላ ነው።»

«እግዜር ይስጥልን በልልኝ። ውለታዋን አንረሳም።»

እሺ አልሁት። እስከ ዛሬ አላልኋትም። ደምሴ ግን በደወለ ቁጥር ከኔ አስቀድሞ የእሷን ጤና ይጠይቃል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማር ቆርጦ አስቀምጦላት፣ የሚመጣ ሰው እየፈለገ መሆኑን ነገረኝ።