እስከ መግሪብ የጾመው ላፕቶፕ

«በጧት ያማረማ፣ ቀትር ጠወለገ...»

ሪሃና ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶባታል። እናቷ ራቢዓ ጎንደር አዲስ ዓለም በነበረው የጨርቅ ሱቃቸው ክንዷን ዘርግታ አቡጀዲ ስትለካ ታንጎራጉረው ነበር። ዜማው ለልጅ ቀረ፣ ቃሉ ከእናት ጋር ሄደ። ሪሃና የጎደለውን በ«እምም» እየሞላች፣ ጨርቅ በተለካበት ባንኮኒ ላይ ዛሬ ላፕቶፕ ትፈታለች።

ጠጋኝ ይሏታል። ጠጋኝስ የተቀደደውን ይሰፋል፤ እሷ ግን ማሽኑን አፍርሳ እንደ አዲስ ትሠራዋለች፤ ለአንድ ነገር ብቻ ብላ፦ ጧት ከሶኬት የተነቀለ እስኪመሽ እንዲቆይላት። ክዳኑ ላይ «የሙሉ ቀን ባትሪ» የሚል ተለጣፊ ያለበት ሲመጣላት፣ ተለጣፊውን በጥፍሯ ታነሣና ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ትለጥፈዋለች። ጠርዙ ሞልቷል። «የውሸታሞች መቃብር» ትለዋለች። የማን ቀን ነው ደግሞ ሙሉ? ቢሮ ገብቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ኮቱን ወንበር ላይ ትቶ የሚወጣ ሰው ቀን ይሆናል። ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ ገደል የሚወጣ ሰው ቀንስ አይደለም።

ያን ገደል የሚወጣው አስማረ ነው። የመሬት መዝጋቢ ነው፤ መብራት ባልገባበት ቀበሌ እየዞረ የገበሬውን ማሳ በላፕቶፕ ይመዘግባል። መሥሪያ ቤቱ በቅርቡ አዲስ ማሽን ገዝቶለት ነበር። የመረጠው ኢንጂነር ምስጋናው ነው፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ የሚያደርግ ሰው። አመራረጡም እንዲህ ነበር፦ ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ከፍቶ ሻይ አዘዘ። በግማሽ ሰዓት ሁለት ፐርሰንት ብቻ ወረደ። «በቃ፣ ሃያ አምስት ሰዓት ይሠራል!» ብሎ ፈረመ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ማሽን ብዙ አለመብላቱ ጥበብ መሰለው።

አስማረ ያን የሚያብረቀርቅ ማሽን ተሸክሞ ወጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። አርባ ሰው ተሰልፎ ነበር። ሌሊት ተነሥታ በእግሯ የመጣች አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ምነው፣ ይኸም እንደኔ ደከመው?» አለች። ሰልፉ ተበተነ።

አስማረ ጎንደር መጥቶ ይህን ሲነግራት ሪሃና አንድ ማሽን ሠራችለት። ፈጣኑን ፕሮሰሰር ትታ ቁጥቡን መረጠች። ከሁሉ በላይ በሊታው ስክሪኑ ነውና ብርሃኑ ከግማሽ እንዳያልፍ ቆለፈችው። ካሜራውን አቋረጠች። የባትሪውን ሴሎች አንድ በአንድ ፈትሻ፣ የሰሜን ብርድ እንዳያደክማቸው ከአሮጌ በርኖስ በቆረጠችው ጨርቅ ሸፈነቻቸው።

ማሽኑን ሊያይ ሱቋ የመጣው ምስጋናው በርኖሱን አይቶ ሳቀ። «ልብስ ስፌት ነው እንዴ የምትሠሪው፣ እህቴ?»

«ይፈተኑ፣ ኢንጂነር» አለች። «የእርስዎም የኔም። የኔ ፈተና አንድ ነው፤ ከፈጅር እስከ መግሪብ። እኔ ሳልበላ የምውለውን ያህል እሱም ይዋል።»

ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገጣጠሙበት ወር ነበር። ሰኞ አስማረን ስልሳ ሰው ይጠብቀዋል። የሪሃና ማሽን መግሪብ ከደረሰ እሱን ይዞ ይወጣል፤ ካልደረሰ ያንኑ አብረቅራቂ ተሸክሞ ስልሳውንም ሰው ይበትናል።

በፈጅር አዛን ሁለቱም ከሶኬት ተነቀሉ። አስማረ አንዱን መዝገብ በሁለቱም ላይ እያፈራረቀ ይጽፍ ጀመር። የኢንጂነሩ ማሽን ገና የቀትሩ ዙህር ሳይሰገድ አፈጠረ።

«ታሞ ይሆናል» አለ አስማረ። «ለበሽተኛ ይፈቀዳል አይደል?»

ምስጋናው «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ፀሐይ በደጃፉ ገብታ የሪሃናን ስክሪን ስታደበዝዘው አስማረ ጋቢውን በራሱና በማሽኑ ላይ ጣለና እዚያ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ቀጠለ። «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» የሚል ድምፅ ብቻ ከጋቢው ይወጣል። የእሱ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታ ነበር፤ «ይኸን ጥዬማ አልበላም» ብሎ እምቢ አለ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ምስጋናው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተመለሰ። ስብሰባው ሽሮ ሽሮ ይሸታል። የስልኩ ባትሪ አልቆ ስለነበር፣ ማንንም ሳይጠይቅ ገመዱን የሪሃና ማሽን ላይ ሰካ። የቀረው ሠላሳ ፐርሰንት ነው። አስማረ ከጋቢው ብቅ ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል ሪሃና በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ምስጋናው ስለ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ አስተማራቸው። ሲደክመው ስልኩን አነሣ። ስክሪኑ እንደ ጨለመ ነው።

«ይኸ ነገር ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም፣ ኢንጂነር። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ለሌላ እንዳያጎርስ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«ንፉግ ማሽን!»

«ስልሳ ሰው ቀድሞዎት ተሰልፏል» አለች። ጋቢው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

የመግሪብ አዛን ሲነሣ ስክሪኑ ላይ ሰባት ፐርሰንት ይነበብ ነበር። ምስጋናው ማሽኑ ለሥራ እንዲወጣ የሚፈቅደውን ወረቀት ፈረመ፤ እየፈረመም፣ «መልኩ ግን አያምርም» አለ። ከዚያ ስልኩን የሚሰካበት ፍለጋ ወጣ።

አስማረ ጋቢውን እያጣጠፈ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው የጎደለውን ስንኝ በዜማው አነሣ፦

«ሲመሽ የሚገኝ ነው፣ ሰውን የታደገ።»

ሪሃና ዞር አለች። «አያ አስማረ! ያውቁት ኖሯል? ሳንጎራጉረው ስውል ምነው ዝም አሉኝ?»

«እስኪመሽ ልይ ብዬ ነዋ።»

የአብረቅራቂውን ማሽን ተለጣፊ በጥፍሯ አንሥታ መቃብሩ ላይ ለጠፈችው። ቴምሩንና ሳምቡሳውን ባንኮኒው ላይ አቀረበች፤ ሳምቡሳው ለአስማረ ጾም ሲባል በምስር ብቻ የተሠራ ነው። ለእሱ ወንበሩን ሰጥታ፣ ለራሷ በርጩማ ሳበች፤ ከፈጅር ጀምሮ የቆመችበትን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ቢስሚላህ ብላ ቴምሯን አነሣች።